ዥ የሚለው የእንድሪስ ማዳመጫ

የእንድሪስን ሞት የሰማሁት ደሴ ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወለልኝ መካነ ሰላም አብሮን ያስተምር የነበረ የሒሳብ መምህር ነበር። «እንድሪስ ሞተ» አለኝ። ወሎ ውስጥ በዚህ ስም ስንቱን አውቃለሁ! «የቱ እንድሪስ?» አልኩት። «ነዝናዛው። የኛው» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዬ ተከተለው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፊቴን አይተው፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ። ምን እንደገጠመኝ እንኳ አልጠየቁም።

ለክረምት ዕረፍት እናቱ ቤት ሄዶ እንደነበር፣ የቆየ የኩላሊት ሕመሙ እዚያ እንደተነሣበትና ሐኪም ቤት ሳይደርስ እንዳረፈ የሒሳብ መምህሩ ነገረኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ለቅሶ ለመድረስ የመካነ ሰላም አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የእንድሪስ ድምፅ አልለቀቀኝም። ሲቆጣ ነው የማስታውሰው። ሲቆጣ ያላየሁት ቀን ጥቂት ነው።

እንድሪስ ዓይነ ስውር ነበር። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ከዚህ ሲጀምር አይወድም። «ነዝናዛ ነው ብለሽ ጀምሪ። ዓይኔን ኩፍኝ ነው የወሰደብኝ፤ ነዝናዛነቱን ግን በራሴ ጥረት ያመጣሁት ነው» ይለኝ ነበር። ልጅ ሳለ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሼኽ ዘንድ ቁርዓን በቃሉ ሲቀራ ቆይቶ፣ በኋላ አጎቱ ሩቅ አገር ካለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስገባው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ሲመረቅም አገሩ ተመልሶ የሥነ ዜጋ መምህር ሆነ።

እኔ እዚያ ትምህርት ቤት የደረስኩት አዲስ የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ ነው። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ የአንድ ለአምስት ስብሰባው፣ ግምገማው፣ የልማት ሠራዊቱ ሥራችንን እኩል ለእኩል ይካፈለን ነበር። የደሴ ልጅ ስለነበርኩ መካነ ሰላም ሩቅም ብርዳምም ሆነብኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራን ክፍል ስገባ እንድሪስ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ዓይነ ስውር ሰው በኮቴ ሰው ይለያል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ቃል ሳልተነፍስ አልፌው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማነው?»

«ብርቱካን ነኝ፤ የኮምፒውተሯ። በኮቴዬ ያውቁኛል ብዬ ነው።»

«ፈረስ ነሽ እንዴ በኮቴ የማውቅሽ? ስምሽን ተናገሪ! ደግሞ እርስዎ አትበይኝ፤ ገና ሠላሳዎቹን አልጨረስኩም።»

ወዳጅነታችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ፈጣሪ ዓይኑን ወስዶ በጆሮው ካሰው ሲሉትም ይበሳጫል። «ጆሮዬ ያው እንደናንተው ነው፤ ሥራ ነው የበዛበት» ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚጠላት ቃል ግን «ይሁን» ናት። ስብሰባ ላይ የክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል ሲባል አንዱ «ለጊዜው ይሁን» ካለ አለቀለት። እንድሪስ ነጭ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ያ ኮፍያ ከወረደ ስብሰባው በቶሎ እንደማያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። «ምኑ ነው ይሁን የሚባለው? ውሃው የሚወርደው ባንተ ራስ ላይ ነው? አይደለም። በተማሪ ራስ ላይ ነው። ታዲያ ይሁን የማለት ሥልጣኑን ማን ሰጠህ?» ይጀምራል። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ያያል፣ ሰዉ ይሳሳቃል፣ እሱ ይቀጥላል። ጣሪያው ግን ኋላ ተጠገነ።

ይህን ሁሉ ንዝንዝ ስሰማ መጀመሪያ ላይ ጠባዩ ነው ብዬ ነበር። ምን እንዳደረሰው የገባኝ የማስተርሱን ነገር ሲያጫውተኝ ነው። ሁለት ጊዜ የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ ሁለቱንም ጊዜ ወድቋል። ፈተናው በጽሑፍ የሚመለስ ነው። ለእሱ አንድ አንባቢና ጸሐፊ ይመደብለታል፤ እሱ ይናገራል፣ ሰውየው ይጽፋል።

«የመጀመሪያው ሰውዬ ያርመኛል። እኔ አንድ ነገር ስናገር፣ እንዲህ ቢባል አይሻልም? ይለኛል። ስንከራከር ሰዓቱ አለቀ። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ ይጽፋል። ስንጨርስ አንብብልኝ አልኩት። ረጅም አድርጌ የተናገርኩትን ሁሉ በአንድ መስመር በአንድ መስመር አድርጎታል። ይኼ ምንድን ነው? ስለው፣ ዋናውን ሐሳብ ጽፌልሃለሁ፣ ይሁን አለኝ። ይሁን! የራሴን ፈተና!»

በሦስተኛው ሙከራ ዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር እንዲጽፍ ፈቀደለት። ስክሪኑ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ እሱ እየሰማ በራሱ ጣቶች ይተይባል። ትየባውን ከዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣ ስለሆነ ከኔ ይፈጥናል። ችግሩ ላፕቶፑ ነው። ከሌላ መምህር የገዛው አሮጌ ዕቃ ነው፤ የራሱ ድምፅ ማጉያ ሞቷል፣ የማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳውም ውስጡ ተሰብሯል። የቀረው የዩኤስቢ መሰኪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ጅዳ ሰው ቤት ለምትሠራው እህቱ ለከድጃ በስልክ ነገራት፤ በጆሮ የሚደረግ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማዳመጫ ገዝታ እንድትልክ።

ከድጃ ከአገር ከወጣች ብዙ ዓመት አልፏታል። የእናታቸው ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በእሷ ነው፤ እንድሪስም ተምሮ የጨረሰው በእሷ ነው። እሷ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ አታውቅም። ሱቅ ሄዳ ለወንድሜ ጥሩውን ስጡኝ ስትላቸው፣ ልጆች ጌም የሚጫወቱበትን ትልቁን ሰጧት። ወደ አገሯ የምትመለስ አንዲት የወሎ ቦረና ልጅ በሻንጣዋ ይዛው መጣች።

እንድሪስ ኮምፒውተር ክፍል ይዞት ገባ። በሩ ላይ ሆኖ ስሙን ተናገረ፤ የራሱን ደንብ ራሱ አይጥስም። ከካርቶኑ ሳወጣው የራስ ቁር የሚያክል ነገር ነው። ከከንፈር ፊት የሚደቀን ማይክ አለው። ስሰካው ሁለቱ ጆሮዎች ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«መብራት አለው፤ ቀይ» አልኩት።

«ለማን?» አለኝ።

ሳቅንና ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ፊቱን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ግንባሩ ተቋጠረ። አውልቆ ለኔ ሰጠኝ።

ሰማሁት። የሚያነበው ድምፅ አለ፤ ከጀርባው ግን ዥዥዥ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ አለ። በዚያ ላይ ትኩስ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ እንዳለበት ቸስ፣ ጠሽ ይላል። ንግግሩ እንዳይሰማ አያደርግም፤ ግን አብሮት ይሄዳል።

«ቀላል ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ያን ቀን ምን ያህል እንደተሳሳትኩ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ በየትርፍ ሰዓታችን እሱን ነበር የምንታገለው። በግራ ያለውን መሰኪያ ወደ ቀኝ አዛወርኩ፤ ያው ነው። ማዳመጫውን የሚያሠራውን ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ ያው ነው። ማይኩ የክፍሉን ድምፅ እየሰበሰበ ይሆናል ብዬ ዘጋሁት፤ ቸስ የሚለው ትንሽ ቀነሰ እንጂ ዥታው አልሄደም። የሁለታችንንም ስልክ ከክፍሉ አስወጣሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትን ረጃጅም አምፖሎች አጠፋሁ። ድምፁን ቀነስኩ፣ ጨመርኩ። እንድሪስ ከጎኔ ተቀምጦ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «አለ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ «አለ» አለኝ።

«በቃ አለ! ንግግሩ ይሰማል አይደል? ትንሽ ድምፅ ናት፤ ቻላት» አልኩት።

ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁ። ግን አልተናገረም። እየዳበሰ ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ሄደና የጠመኔውን ዱቄት በእጁ ዘገነ። ተመልሶ የማርመውን ወረቀት በጣቱ ፈልጎ ዱቄቱን ከላይ እስከ ታች ቀባው።

«አንብቢ» አለኝ።

«እንድሪስ፣ የሰው ፈተና ነው!»

«ይታያል አይደል? ትንሽ አቧራ ናት። አንብቢ። ሌላ ደግሞ እሰጥሻለሁ። ከስድስት ሰዓት ጀምረሽ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደዚህ እያነበብሽ ቆዪ።»

ተናደድኩ። እሱም ተናደደ። ያን ቀን ሳንሰነባበት ተለያየን። ቤት ገብቼ የዚያን ልጅ ወረቀት ልጨርሰው ብል ፊደሉ ሁሉ ይታየኛል፤ ግን ዓይኔ ይደክማል፣ መስመር እስታለሁ፣ አንዱን ጥያቄ ሁለቴ አነባለሁ። በማግሥቱ ሄጄ፣ «ካቆምንበት እንጀምር» አልኩት። «ወረቀቱን አራገፍሽው?» አለኝ። «ባራግፈውም አልለቀቀም» አልኩት። «አየሽ!» አለ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ደሴ ሄደን ሌላ ርካሽ ማዳመጫ እንግዛ ብዬም ነበር። ይህን ሐሳብ ሳነሣ የተቆጣውን ያህል በሌላ ነገር ተቆጥቶ አያውቅም። «ከድጃ የሰው ሽንት ቤት አጥባ የላከችልኝን ጥዬ?» አለኝ። ዳግም አላነሣሁበትም። የጥፋቱን ምንጭ ሳናውቅ ሌላ ብንገዛ ደግሞ ያው ዥታ ሊከተለው እንደሚችል በኋላ ነው የታየን።

መልሱን ያገኘነው በመብራት መጥፋት ነው። ተማሪዎች ክፍሉን ሞልተው እየሠሩ ነበር፤ እንድሪስ ጥጉ ላይ ማዳመጫውን አድርጎ ይተይባል። ድንገት መብራት ጠፋ። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ጨለሙ። «አዬ!» የሚል ጩኸት ሲነሣ ከጥጉ፣ «አልሐምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት። እንድሪስ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ሄደ! ብርቱካን፣ ሄደ! ዝም አለ!»

ሮጬ ሄጄ አንዱን ጆሮ ተቀበልኩት። እውነት ነው። ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ ነው፤ ዥታው የለም። ቸስ የምትለው አልፎ አልፎ ትሰማለች እንጂ ንግግሩ ጥርት ብሏል። መብራት ሲመጣ ዥታው አብሮ መጣ። የቻርጀሩን ገመድ ነቀልኩ፤ ጠፋ። ሰካሁ፤ መጣ። ጥፋቱ ከማዳመጫው አይደለም፤ ከግድግዳው ነው የሚመጣው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ክፍል የኮምፒውተሮቹን ብረት በባዶ እጅ ስንነካ ይነዝረን ነበር። ተማሪዎች ይሳሳቁበታል፤ እኛም ለምደነዋል። እንድሪስ ይህን ስነግረው ደነገጠ።

«ልጆቹን እየነዘራቸው ዝም አላችሁ?»

«ትንሽ ነው» አልኩና ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።

የትምህርት ቤቱን መብራት የሚጠግኑት ጋሼ ተፈራ ሶኬቱን ፈትተው አዩት። ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ፣ ኧርዝ የሚሉት፣ ከሶኬቱ ጋር ተያይዟል፤ በግድግዳው ውስጥም ወደ ውጭ ይወጣል። ተከትለነው ከሕንፃው ጀርባ ዞርን። ከግድግዳው ብቅ ያለው ሽቦ ክንድ ያህል ወርዶ ተቆርጧል። መሬት የተቀበረው ብረት ብቻውን ቆሟል። የቀረው ሽቦ የት ሄደ ብለን ስንፈልግ፣ ከጥበቃው ክፍል እስከ ባሕር ዛፉ ተወጥሮ የጥበቃው ካልሲና ሸሚዝ ተሰጥቶበት አገኘነው።

«ምንድን ነው?» አለ እንድሪስ። ጋሼ ተፈራ በሳቅ መናገር አቃታቸው። ነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

ጥበቃው ሽቦውን እንደማይጠቅም አስቦ ነው የቆረጠው፤ ለመመለስም አላንገራገረም። ርዕሰ መምህሩ ግን አሮጌውን መቀጠል አይቻልም፣ አዲስ ሽቦ ደግሞ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት መጠየቅ አለበት አለ። እንድሪስ ቢሮው ድረስ ይዞኝ ገባ።

«መምህር እንድሪስ፣ ለአንድ ማዳመጫ ብለን ሕንፃ እንቆፍር?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ማዳመጫውን ተወው። ልጆቹን እየነዘራቸው ነው።»

«እስካሁን የተጎዳ የለም። በአንድ ለአምስታችሁ ተወያዩበትና ሪፖርት አድርጉ። እስከዚያው ይሁን።»

ኮፍያው ወረደ። ቀሪውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ከሥነ ዜጋ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሄደበት። በመሐል ደወል ተደወለ፤ አልተነሣም። ሌላ ባለጉዳይ ገባ፤ «ተቀመጥ፣ አንተም ስማ» አለው። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ፣ «ኧረ በአላህ! ሥሩት፣ ሥሩት!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ተፈራ ያንኑ አሮጌ ሽቦ ቀጠሉ፣ የብረቱን ዙሪያ ቆፍረው ጨውና ከሰል ጨመሩበት፣ ውሃ አፈሰሱበት። ክፍሉ ገብቼ የኮምፒውተሩን ብረት በመዳፌ ያዝኩ። አልነዘረኝም። እንድሪስ ማዳመጫውን አደረገ፤ እኔም ጋሼ ተፈራም ፊት ፊቱን እናያለን።

«ዥታው የለም» አለ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ፣ «ቸስ የሚለው ግን አለ» አለ።

ጋሼ ተፈራ፣ «ወላሂ ይኼ ሰውዬ ጀነት ቢገባም በሩ ይንቋቋል ይላል» ብለው ወጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን በዚያ አገር ሲመረሩ ወላሂ የማይል ሰው የለም።

ቸስ የምትለዋ ራሱን ወደ ግራ ሲያዞር እንደምትብስ የደረስንበት ቆይተን ነው። ገመዱ ከግራ ጆሮው ሥር በሚገባበት ቦታ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሊበጠስ ደርሷል፤ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ የመጣበት ቦታ መሆን አለበት። ገበያው አጠገብ ያለው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ሊከፍተው ሲል እንድሪስ እጁን ያዘው። «ከሰበርከው እህቴን ነው የሰበርከው» አለው። ልጁ ፈርቶ እኔን አየኝ። ቆርጦ፣ እንደገና በይዶ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ ሰጠን። እንድሪስ እዚያው ቆሞ ላፕቶፑን ከፍቶ ሰማ። ራሱን ግራና ቀኝ አዞረ። ከዚያ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬው ምን እንደሚል ሰማሁት» አለኝ። ሰውዬው የሚለው የሚያነበውን ፕሮግራም ነው።

ለፈተናው ደሴ አብሬው ሄድኩ። መፈተኛው ክፍል ሶኬቱ አጠገብ አስቀመጡት፤ እኔ ከውጭ በመስኮት አያለሁ። ቻርጀሩን ሰካ። ማዳመጫውን አደረገ። ግንባሩ ተቋጠረ። ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ዥታው ነው። የዚያ ክፍል ሶኬትም የመሬት ሽቦ የለውም። ለተቆጣጣሪው ሲነግረው አየሁ፤ ተቆጣጣሪው ትከሻውን ሰበቀ። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ የቻርጀሩን ገመድ ነቀለው።

ያ ባትሪ አሮጌ ነው፤ ከፈተናው እኩሌታ በላይ እንደማያደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። እያየሁት ጻፈ። ጣቶቹ ሲሮጡ፣ ቆም ብሎ ሲሰማ፣ እንደገና ሲሮጡ። ሰዓቱ ሳያልቅ እጁ ቆመ። ላፕቶፑ ሞተ። ሰክቶ ቢያስነሣውም ዥታው ይኖራል፤ ግን ይጻፋል። ይሰካዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሰካው፤ ጥቂት መስመር ሞከረ፤ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተቆጣጣሪው መጥቶ አንድ ነገር አለው። እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ወጣ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ቀሪውን ንገረኝና በእጄ ልጻፍልህ አለኝ።»

«እና?»

«አይሆንም አልኩት።»

እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ነው የጮኽኩት። «በጆሮህ ዥ እያለም ቢሆን መጨረስ ትችል ነበር! ሰውየው ሊጽፍልህ ነበር! ያን ሁሉ ጊዜ የቆፈርነው፣ የለመንነው፣ የተጨቃጨቅነው ለዚህ ነው? ግማሽ ወረቀት ሰጥተህ ልትወጣ?»

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ሲመልስልኝ አልተቆጣም፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ።

«ብርቱካን፣ እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ቃል ሁሉ የኔ ነው። ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ኖሮኝ አያውቅም። ሊያልቅ ሲል ለሌላ ሰው መስጠት አቃተኝ።»

ስንመለስ አቀስታ እስክንደርስ አልተነጋገርንም። አውቶቡሱ ሰው ሲያወርድ፣ «አራተኛውን ጥያቄ እንዴት እንደምመልሰው ልንገርሽ?» አለኝ። «አልፈልግም» አልኩት። ነገረኝ። እስከ መካነ ሰላም ያልመለሳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እየመለሰ መጣ። መልሶቹ ጥሩ ነበሩ። ጥሩ መሆናቸው የበለጠ አናደደኝ።

በጥቂት ነጥብ ወደቀ። ከዚያ ሶኬቱ ይሠራ እያለ ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ መጻፍ ጀመረ፤ በራሱ እጅ፣ እኛ ክፍል ቁጭ ብሎ። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጻፈ። ራሱ ሄዶ በር አንኳኳ። ከዚያ ቢሮ ወደዚያ ቢሮ አመላለሱት። በሄደበት ሁሉ ኮፍያውን ሳያወልቅ አልቀረም። በሚቀጥለው ዓመት ሶኬቱ የተሠራ ክፍል ሰጡት፤ ተጨማሪ ሰዓትም ጨመሩለት። አለፈ። ሊማር ሄደ፤ ተመርቆም በሌላ ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተቀጠረ። እኔም ወደ ደሴ ተዛወርኩ። አልፎ አልፎ ይደውልልኝ ነበር፤ ሁልጊዜም የሚያማርርበት አዲስ ነገር አለው። የኩላሊቱን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሣልኝም።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ሴቶቹ ከውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቱን እጃቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ከጎናቸው ጥቁር ሒጃብ ያደረገች፣ ፊቷ በልቅሶ ያበጠ ሴት አለች። ከድጃ ናት። ወንድሟ ከተቀበረ በኋላ ነው ከጅዳ የደረሰችው። ማን እንደሆንኩ ሲነግሯት ቀና አለች።

«የኮምፒውተሯ መምህርት አንቺ ነሽ? ስላንቺ ብዙ ነግሮኛል።»

«አላህ ይርሐመው» አልኳት።

ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። «አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የላክሁለት ማዳመጫ በእውነት ጠቅሞታል? እኔ ዕቃ አላውቅም፤ አታለሉኝ ብዬ እፈራ ነበር። በደወልኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ እንከን የለውም፣ ጥርት አድርጎ ያሰማኛል ነው የሚለኝ። አንድም ቀን አላማረረበትም።»

እንድሪስ፣ በጣሪያው፣ በሶኬቱ፣ በርዕሰ መምህሩ፣ በኔ ኮቴ ያማረረው እንድሪስ!

«ማስተርሱን የገባው በእሱ ነው» አልኳት። «ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማርም በእሱ ነው የጻፈው።»

«ምንም አላስቸገረውም?»

ልዋሻት አልፈለግሁም። «እኔን አስቸግሮኛል» አልኳት። «ከጎኔ ሆኖ፣ አለ፣ አለ እያለ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር።»

ከድጃ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ በሒጃቧ ጫፍ አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እናቷ ዞር ብለው፣ «ምን አለችሽ?» አሏት። ከድጃ ሳትመልስላቸው ምንጣፉ ላይ ሸሸት ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ነይ እዚህ» አለችኝ። «ከኔ የደበቀውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ተጠጋኋትና ከካርቶኑ ካወጣሁበት ቀን ጀምሬ እነግራት ጀመር።